ማይክሮቼስ

ማይክሮቼስ በካናዳ ቶሮንቶ ይኖር የነበረው ፒተር ጄኒንግስ እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው የቼዝ ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ኪም-1 ለተባለችው አነስተኛ ኮምፒውተር ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ከነመረጃው 1 ኪሎባይት ገደማ በሆነ ሜሞሪ ውስጥ ይገባ ነበር። ለቤት ኮምፒውተሮች ለሽያጭ የቀረበ የመጀመሪያው የቼዝ ፕሮግራም እንደሆነ ይታወቃል። በኋላ ለቲአርኤስ-80፣ ለአፕል 2፣ ለኮሞዶር ፔትና ለሌሎች ማሽኖችም ተዘጋጅቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቅጂዎች ተሸጠዋል።

ማይክሮቼስ ደካማ ተጫዋች ነበር። ቢሆንም በኮምፒውተር ታሪክ ውስጥ ስሙ በሁለት ምክንያት ይነሣል። አንደኛው፣ ትልልቅ ኮምፒውተሮችን ይጠይቅ የነበረውን ሥራ እጅግ ጠባብ በሆነ ቦታ ውስጥ ማስገባቱ ነው። ሁለተኛው፣ ፕሮግራሞች ከእጅ ወደ እጅ በነጻ ይቀዱ በነበረበት ጊዜ ግለሰቦች ለሶፍትዌር ገንዘብ እንደሚከፍሉ ካሳዩት ቀደምት ምርቶች አንዱ መሆኑ ነው። ከሽያጩ የተገኘው ገቢ ቪዚካልክ የተባለውን የመጀመሪያውን የግል ኮምፒውተር የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ለማውጣት ረድቷል።

የዘመኑ ሁኔታ

ኮምፒውተርን ቼዝ የማጫወት ሙከራ የተጀመረው ከማይክሮቼስ ብዙ ዓመት በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በሎስ አላሞስ ማኒያክ በተባለው ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ፕሮግራም የሰውን ተጫዋች ገጥሟል። ይሁን እንጂ የማሽኑ አቅም ስላልፈቀደ ሰሌዳው 6 በ6 እንዲሆንና ጳጳሶቹ ከጨዋታው እንዲወጡ ተደርጎ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተሠሩት ጠንካራ ፕሮግራሞች በዩኒቨርሲቲዎችና በምርምር ተቋማት በሚገኙ ትላልቅ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠሩ ስለነበሩ ተራው ሰው ሊያገኛቸው አይችልም ነበር።

ይህ ሁኔታ መለወጥ የጀመረው ማይክሮፕሮሰሰር ርካሽ ሲሆን ነው። ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው 6502 የተባለው ፕሮሰሰር በ25 ዶላር ይሸጥ ነበር። ይህ ዋጋ ከተፎካካሪዎቹ ዋጋ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ኩባንያው ይህን ፕሮሰሰር ለማስተዋወቅ ኪም-1 የተባለችውን ኮምፒውተር በ245 ዶላር ለገበያ አቀረበ።

ኪም-1 ዛሬ ኮምፒውተር ሲባል ከምናስበው ነገር በጣም ትለያለች። ሣጥን፣ ስክሪንና የጽሕፈት ኪቦርድ የሌላት አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበረች። ተጠቃሚው የሚጽፍባቸው እንደ ሒሳብ ማሽን ቁልፎች ያሉ ጥቂት ቁልፎች ነበሩ። ውጤት የሚታየው ስድስት አኃዞችን ብቻ በሚያሳይ ቀይ ማሳያ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ዑደት ይሠራል። ለተጠቃሚው ፕሮግራም የተተወው ሜሞሪ 1 ኪሎባይትና ጥቂት ትርፍ ባይቶች ነበር። ፕሮግራም ለማስገባት እያንዳንዱን ባይት በሁለት የሄክሳዴሲማል ምልክት እየጫኑ መጻፍ፣ ወይም ከቴፕ ካሴት መጫን ያስፈልግ ነበር።

በዚያን ጊዜ የሶፍትዌር ንግድ ለግል ኮምፒውተር ገና ቅርጽ አልያዘም። ብዙዎቹ የኮምፒውተር ባለቤቶች በክበብ እየተሰበሰቡ ፕሮግራሞችን በነጻ ይለዋወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976 ቢል ጌትስ ለእነዚህ ሰዎች በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ፣ ኩባንያው የሠራውን የአልቴር ቤዚክ ብዙዎች ሳይገዙ እየቀዱ እንደሚጠቀሙበት በመግለጽ ቅሬታውን አቅርቧል። አንድ ግለሰብ ብቻውን የጻፈውን ፕሮግራም ሸጦ ሊጠቀም ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በጊዜው መልስ አላገኘም ነበር።

አጀማመርና ሽያጭ

ጄኒንግስ ኪም-1ን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከዚያም ለማሽኗ የቼዝ ፕሮግራም ጻፈና ማይክሮ-ዌር በሚል የንግድ ስም በፖስታ መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ለገዢዎች የተላኩት በታኅሣሥ 1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1976) ነው።

የፕሮግራሙ ዋጋ 10 ዶላር ነበር። ገዢው በዚህ ዋጋ የሚያገኘው የታተመ ወረቀት ነው። ወረቀቱ የአጨዋወት መመሪያውንና ሙሉውን የፕሮግራሙን ኮድ ከነማብራሪያው ይዟል። ገዢው ኮዱን ከወረቀቱ እያየ ባይት በባይት በራሱ ያስገባል። መጻፉ የሚከብደው ሰው ተጨማሪ ከፍሎ በካሴት የተቀዳውን ሊገዛ ይችል ነበር።

ይህ የሽያጭ ዘዴ ለትምህርት ትልቅ ጥቅም ነበረው። ኮዱ ስላልተደበቀ ገዢዎቹ እንዴት እንደሚሠራ አጥንተው ሊያሻሽሉት፣ ስክሪን ካላቸው ማሽኖች ጋር ሊያገናኙትና ሕጎችን ሊጨምሩበት ይችሉ ነበር። በሌላ በኩል ወረቀትን መቅዳት ቀላል በመሆኑ፣ ሻጩ የተማመነው ገዢው 10 ዶላር ብዙ ነው ብሎ እንደማያስብ ነው። ሽያጩ ግምቱ ትክክል እንደነበር አሳይቷል።

አጨዋወት በኪም-1 ላይ

ኪም-1 ስክሪን ስለሌላት ተጫዋቹ እውነተኛ የቼዝ ሰሌዳና ጠጠሮች አጠገቡ ማስቀመጥ ነበረበት። ፕሮግራሙ እርምጃውን በቁጥር ይናገራል፤ ተጫዋቹ ጠጠሩን በእጁ ያንቀሳቅስለታል።

እያንዳንዱ የሰሌዳ ቤት ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር አለው። የመጀመሪያው አኃዝ ረድፉን፣ ሁለተኛው ዓምዱን ያመለክታል። ሁለቱም ከ0 እስከ 7 ይቆጠራሉ። በዚህ መሠረት የሰሌዳው አንዱ ጥግ 00፣ በሰያፍ ተቃራኒው ያለው ጥግ ደግሞ 77 ነው።

ጨዋታው የሚካሄደው በአራት ዋና ቁልፎች ነው።

የ«ሲ» ቁልፍ ጠጠሮቹን በመነሻ ቦታቸው ያሰልፋል።
የ«ኢ» ቁልፍ የሁለቱን ወገኖች ቦታ ይለዋውጣል።
የ«ኤፍ» ቁልፍ ተጫዋቹ ያስገባውን እርምጃ ይመዘግባል።
የ«ፒሲ» ቁልፍ ፕሮግራሙ እርምጃውን አስቦ እንዲጫወት ያዛል።

ለምሳሌ ፕሮግራሙ በነጭ ሲጀምር በማሳያው የመጨረሻ አራት ቦታዎች ላይ 13 33 የሚል ቁጥር ይታያል። ትርጉሙ «በ13 ላይ ያለውን የንጉሥ ወታደር ወደ 33 ውሰድልኝ» ማለት ነው። ተጫዋቹም የራሱን የንጉሥ ወታደር ሁለት ቤት ወደፊት ለማስኬድ 63 43 ብሎ ያስገባና «ኤፍ»ን፣ ቀጥሎም «ፒሲ»ን ይጫናል። የማሳያው የመጀመሪያ ሁለት ቦታዎች የሚንቀሳቀሰውን ጠጠር መለያ ያሳያሉ።

ፕሮግራሙ በተጫዋቹ እርምጃ ሕጋዊነት ላይ ምርመራ አያደርግም። ተጫዋቹ ንግሥቱን እንደ ፈረስ ቢያዘልላት ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይመዘግባል። ለዚህ ምርመራ የሚሆን ቦታ ስለሌለ ታማኝነት ለሰውየው ተትቷል።

በኮዱ ውስጥ ሁለት ባይቶችን በመቀየር ሦስት የአጨዋወት ደረጃዎችን ማግኘት ይቻል ነበር። በፈጣኑ ደረጃ ለአንድ እርምጃ 3 ሰከንድ፣ በመካከለኛው 10 ሰከንድ፣ በከፍተኛው ደግሞ 100 ሰከንድ ያህል ያስባል።

የውስጥ አሠራር

ማይክሮቼስ በ6502 የአሴምብሊ ቋንቋ የተጻፈ ነው። በውስጡ ያሉት ዘዴዎች በሙሉ ሜሞሪ ለመቆጠብ የታሰቡ ናቸው። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ዛሬም በኮምፒውተር ቼዝ ትምህርት ይጠቀሳሉ።

የሰሌዳው አያያዝ

ሰሌዳን በኮምፒውተር ለመያዝ ቀላሉ መንገድ ለ64ቱ ቤቶች 64 ባይት መድቦ በእያንዳንዱ ላይ የቆመውን ጠጠር መጻፍ ነው። ማይክሮቼስ ግን የሚይዘው የጠጠሮቹን ዝርዝር ብቻ ነው። ጠጠሮቹ 32 ስለሆኑ 32 ባይት ይበቃል። እያንዳንዱ ባይት ጠጠሩ የቆመበትን ቤት ቁጥር ይይዛል። ጠጠሩ ሲበላ በቦታው ከሰሌዳው ውጪ የሆነ ቁጥር ይጻፍበታል።

ይህ ዘዴ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ቤት ባዶ መሆኑን ለማወቅ ፕሮግራሙ ዝርዝሩን ሙሉ በሙሉ መፈተሽ አለበት። ሜሞሪ ለመቆጠብ ሲባል ጊዜ ይባክናል ማለት ነው። 1 ኪሎባይት ባላት ማሽን ላይ ግን ምርጫው ትክክለኛ ነበር።

የ88 ፍተሻ

ጠጠር ሲንቀሳቀስ ከሰሌዳው ጠርዝ እንዳይወጣ መቆጣጠር ያስፈልጋል። ማይክሮቼስ ለዚህ የሚጠቀመው አንድ የሎጂክ ትእዛዝ ነው። የቤቱ ቁጥር በሄክሳዴሲማል ሲጻፍ የመጀመሪያው አኃዝ ረድፉ፣ ሁለተኛው ዓምዱ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለ ቤት በሁለቱም አኃዞች ከ7 አይበልጥም። ከ0 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮች በሁለትዮሽ ሲጻፉ አራተኛው ቢት ሁልጊዜ ዜሮ ነው። 8 ሲደርስ አንድ ይሆናል።

የሄክሳዴሲማል 88 በሁለትዮሽ 10001000 ነው፤ የሁለቱም አኃዞች አራተኛ ቢት ብቻ አንድ የሆነበት ቁጥር ማለት ነው። ስለዚህ አዲሱ የቤት ቁጥር ከ88 ጋር በ«እና» ሎጂክ ሲጣመር ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ቤቱ በሰሌዳው ላይ ነው፤ ዜሮ ካልሆነ ከሰሌዳው ወጥቷል።

ለምሳሌ በ07 ላይ የቆመ ግንብ በዓምድ አንድ ቤት ቢጨምር 08 ይሆናል። 08 ከ88 ጋር ሲጣመር 08 ይሰጣል። ዜሮ ስላልሆነ እርምጃው ይጣላል። በ70 ላይ ያለ ጠጠር አንድ ረድፍ ቢጨምር 80 ላይ ይደርሳል፤ ይህም በዚያው ፍተሻ ይወድቃል። ለአራቱም ጠርዞች የተለያየ ምርመራ መጻፍ አላስፈለገም።

በዚህ አቆጣጠር የጠጠሮች አካሄድም በመደመር ይገለጻል። ወደ ጎን አንድ ቤት መሄድ 01 መደመር ነው። ወደ ፊት መሄድ 10 መደመር ነው። የፈረስ ዝላይ 12 ወይም 21 መደመርና የመሳሰሉት ናቸው። ፕሮግራሙ እነዚህን ድምሮች በአንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ይዞ ለሁሉም ጠጠሮች ይጠቀምባቸዋል።

ሰሌዳውን መገልበጥ

የቼዝ ፕሮግራም የራሱን እርምጃዎች ብቻ ሳይሆን የተቃራኒውን ምላሾችም መቁጠር አለበት። ለነጭና ለጥቁር የተለያየ ኮድ መጻፍ ግን ቦታ ይፈጃል። ጄኒንግስ ኮዱን የጻፈው ለአንድ ወገን ብቻ ነው። የተቃራኒው ተራ ሲደርስ የሁለቱ ወገኖች ዝርዝር ይለዋወጣል፤ እያንዳንዱም የቤት ቁጥር ከ77 ላይ ይቀነሳል። በ13 ላይ የነበረ ጠጠር 64 ላይ፣ በ00 ላይ የነበረው 77 ላይ ይሆናል። ይህ ሰሌዳውን በጠረጴዛው ላይ ከማዞር ጋር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ያው ኮድ ለተቃራኒው ወገን ይሠራል።

እርምጃ መምረጥ

ፕሮግራሙ ሊጫወታቸው የሚችላቸውን እርምጃዎች አንድ በአንድ ይሞክራል። ከእያንዳንዱ በኋላ የተቃራኒውን ምላሾች ይቆጥራል። መባላት ካለ ደግሞ ማን ምን እንደሚያተርፍ ለማወቅ የመበላላቱን ሰንሰለት ብቻ ጥቂት እርምጃ ወደፊት ይከተላል። ሁሉንም ቅርንጫፍ በጥልቀት መከተል ለኪም-1 የማይቻል ነበር።

እርምጃዎቹ የሚመዘኑት በሚከተሉት ነጥቦች ነው።

የጠጠሮች ዋጋ፦ ንጉሥ 11፣ ንግሥት 10፣ ግንብ 6፣ ጳጳስና ፈረስ እያንዳንዳቸው 4፣ ወታደር 2።
የመንቀሳቀስ ነጻነት፦ አንድ ወገን ያሉት እርምጃዎች ብዛት። የንግሥት እርምጃ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።
የመብላት ዕድል፦ እያንዳንዱ ወገን ሊበላ የሚችለው ትልቁ ጠጠርና አጠቃላዩ ድምር።
የቦታ ጉርሻ፦ ወደ ሰሌዳው መካከል ወዳሉ የተመረጡ ቤቶች ለሚሄድ እርምጃ፣ እንዲሁም ከንጉሥ በስተቀር ከኋለኛው ረድፍ ለሚወጣ ጠጠር 2 ነጥብ ይጨመራል።

በተለመደው የቼዝ ትምህርት ወታደር 1፣ ፈረስና ጳጳስ 3፣ ግንብ 5፣ ንግሥት 9 ተብለው ይገመታሉ። በማይክሮቼስ ሠንጠረዥ ግን ፈረስ የሁለት ወታደር፣ ንግሥትም የአምስት ወታደር ዋጋ ብቻ አላቸው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ልምድ ያለው ተጫዋች የማይቀበለውን ልውውጥ ሊቀበል ይችላል።

አንድ እርምጃ ሕጋዊ መሆኑን ለማወቅ ፕሮግራሙ እርምጃውን ሞክሮ ሰሌዳውን ይገለብጥና ተቃራኒው በሚቀጥለው እርምጃ ንጉሡን መብላት ይችል እንደሆነ ይመለከታል። የሚችል ከሆነ እርምጃው ይጣላል። ይህም «ንጉሥ በቼክ ላይ መቆየት አይችልም» የሚለውን ሕግ ያለ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ያስከብራል።

መክፈቻ

ፕሮግራሙ ለመክፈቻ ጨዋታ የመደበው ቦታ 28 ባይት ነው። በዚህ ውስጥ ዘጠኝ እርምጃዎች ተይዘዋል። ለእያንዳንዱ እርምጃ ሦስት ባይት ይበቃል፤ አንዱ ተቃራኒው ይደርስበታል ተብሎ የሚጠበቀውን ቤት፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙ የሚያንቀሳቅሰውን ጠጠር፣ ሦስተኛው መድረሻውን ይይዛል። ተቃራኒው ካልተጠበቀ ቤት ላይ ከተጫወተ ፕሮግራሙ የመክፈቻ ዝርዝሩን ትቶ በራሱ ስሌት ይቀጥላል። በኮዱ ውስጥ የተጻፈው መክፈቻ የጣሊያን ጨዋታ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ተጫዋቹ ሌላ መክፈቻ ከፈለገ በእነዚያው 28 ባይቶች ላይ ሌሎች ቁጥሮችን መጻፍ ይችላል።

ያልተካተቱ ሕጎች

የመጀመሪያው የኪም-1 ቅጂ ሁሉንም የቼዝ ሕጎች አያውቅም። ንጉሥና ግንብ በአንድ ተራ የሚንቀሳቀሱበትን ካስሊንግ ፕሮግራሙ በራሱ አይጫወትም። ሁለት ቤት የዘለለን ወታደር በመንገዱ ላይ መብላት የሚፈቅደውን አንፓሳን የተባለውን ሕግም አይጠቀምም። ወታደር የመጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ወደ ንግሥት መለወጡም በፕሮግራሙ አይከናወንም።

ሰው ግን በእነዚህ ሕጎች መጫወት ይችል ነበር። ካስሊንግ ማድረግ የፈለገ ተጫዋች የንጉሡንና የግንቡን እንቅስቃሴ ተራ በተራ አስገብቶ በመጨረሻ ብቻ ፕሮግራሙን እንዲያስብ ያዛል። ወታደርን ወደ ንግሥት ለመለወጥ ደግሞ በሜሞሪው ውስጥ ያለውን የጠጠር ቦታ በእጁ ይቀይራል። ፕሮግራሙ የተጫዋቹን እርምጃ ስለማይመረምር ይህን ሁሉ ያለ ተቃውሞ ይቀበላል። በኋላ ሰፋ ያለ ሜሞሪ ላላቸው ማሽኖች በተዘጋጁት ቅጂዎች እነዚህ ጉድለቶች ተስተካክለዋል።

ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች መስፋፋት

እ.ኤ.አ. በ1977 አፕል 2፣ ኮሞዶር ፔትና ቲአርኤስ-80 ለገበያ ቀረቡ። ሦስቱም ተገዝተው ወዲያው የሚሠሩ፣ ኪቦርድ ያላቸውና ሥዕል በስክሪን ላይ የሚያሳዩ ነበሩ። ማይክሮቼስ ለእነዚህ ማሽኖች ሲዘጋጅ ተጫዋቹ ሰሌዳውን በስክሪኑ ላይ ማየት ቻለ። ቲአርኤስ-80 ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለምትጠቀም ፕሮግራሙ ለእርሷ እንደገና መጻፍ ነበረበት። ይህ ቅጂ 4 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ባላት ማሽን ላይ ይሠራ የነበረ ሲሆን በ19.95 ዶላር ይሸጥ ነበር። ለአታሪ ኮምፒውተሮችም ቅጂ ወጥቷል።

ኮሞዶር የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1978 ቼስሜት የተባለ ለቼዝ ብቻ የሚያገለግል ማሽን አወጣ። በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም የማይክሮቼስ ዝርያ ነበር። በዚህ መንገድ ፕሮግራሙ ኮምፒውተር ላልነበራቸው ሰዎችም ደረሰ።

ውድድሩም ወዲያው በረታ። በአሜሪካ ዳንና ካቲ ስፕራክለን የተባሉ ባልና ሚስት የጻፉት ሳርጎን የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1978 በሳን ሆዜ በተካሄደው የማይክሮኮምፒውተር ቼዝ ውድድር አሸነፈ። ሳርጎን ከማይክሮቼስ የበለጠ ሜሞሪ የሚጠቀምና በጨዋታም የበረታ ነበር። ከዚያ ወዲህ በጨዋታ ጥንካሬ ማይክሮቼስ መሪ ሆኖ አያውቅም።

ፐርሰናል ሶፍትዌርና ቪዚካልክ

ጄኒንግስ ሥራውን ፐርሰናል ሶፍትዌር ከተባለው ኩባንያ ጋር አዋሃደ። የኩባንያው መሥራች ዳን ፊልስትራ የባይት መጽሔት መሥራች አዘጋጆች ከነበሩት አንዱ ሲሆን፣ በሃርቫርድ የንግድ ሥራ ተማሪ ነበር። ማይክሮቼስ የኩባንያው ዋነኛ ተሸያጭ ሆነ።

በዚሁ ጊዜ ዳን ብሪክሊን የተባለ ሌላ የሃርቫርድ ተማሪ በስክሪን ላይ የሚሠራ የሒሳብ ሠንጠረዥ ለመሥራት ያስብ ነበር። ፊልስትራ እንዲሞክርበት አንድ አፕል 2 አዋሰው። ብሪክሊንና ጓደኛው ቦብ ፍራንክስተን የሠሩት ፕሮግራም ቪዚካልክ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1979 በፐርሰናል ሶፍትዌር በኩል ለገበያ ቀረበ። ኩባንያው ፕሮግራሙን ለማሠራትና ለማስተዋወቅ ከተጠቀመበት ገንዘብ ብዙው ከማይክሮቼስ ሽያጭ የመጣ ነው።

ቪዚካልክ የግል ኮምፒውተርን ከመዝናኛ ዕቃነት ወደ ቢሮ መሣሪያነት ካሸጋገሩት ፕሮግራሞች ዋነኛው ነው። ብዙ ነጋዴዎችና የሒሳብ ሠራተኞች አፕል 2ን የገዙት በቪዚካልክ ለመጠቀም ብለው ነበር። ፐርሰናል ሶፍትዌርም ስሙን እ.ኤ.አ. በ1982 ቪዚኮርፕ ብሎ ቀየረ።

ማይክሮቼስና ሼርዌር

ማይክሮቼስ ከሼርዌር ጋር አብሮ ሲጠቀስ ይታያል። በትክክለኛው ትርጉም ግን ሼርዌር አይደለም። ሼርዌር ማለት ተጠቃሚው ፕሮግራሙን በነጻ ቀድቶ ከሞከረ በኋላ ከወደደው ለደራሲው የሚከፍልበት ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ የተለመደው የአይቢኤም የግል ኮምፒውተር ከወጣ በኋላ ነው። አንድሩ ፍሉገልማን ፒሲ-ቶክ የተባለውን፣ ጂም ኖፕፍ ደግሞ ፒሲ-ፋይል የተባለውን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1982 በዚህ መንገድ አሰራጩ። ሼርዌር የሚለው ቃል የታወቀው በቀጣዩ ዓመት ቦብ ዋላስ ለፒሲ-ራይት ሲጠቀምበት ነው።

ማይክሮቼስ በአንጻሩ አስቀድሞ ተከፍሎበት የሚላክ ነበር። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ነገር ግን አለ። በሁለቱም ዘዴዎች ደራሲው ያለ ትልቅ ኩባንያና ያለ ሱቅ ከተጠቃሚው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። በሁለቱም ዋጋው ዝቅተኛ ነው። በሁለቱም መቅዳትን የሚከለክል መቆለፊያ ስለሌለ ክፍያው በተጠቃሚው ፈቃደኝነት ላይ ይመሠረታል።

ተከታዮቹ

ቼዝን በትንሽ ሜሞሪ ውስጥ የማስገባት ፈተና ከማይክሮቼስ በኋላም ቀጥሏል። ዴቪድ ሆርን በ1980ዎቹ መጀመሪያ 1 ኪሎባይት ሜሞሪ ላላት የእንግሊዟ ዜድኤክስ81 የጻፈው የቼዝ ፕሮግራም 672 ባይት ብቻ ነበር። እርሱም ካስሊንግን፣ አንፓሳንንና የወታደርን መለወጥ አላካተተም። ይህ ክብረ ወሰን ከ30 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ቡትቼስ የተባለ ፕሮግራም 487 ባይት ሆኖ ወጣ።

የማይክሮቼስ ኮድ እስከ ዛሬ ይነበባል። በስክሪን ላይ እንዲሠራ የተስተካከሉ ቅጂዎችና ወደ ሲ ቋንቋ የተተረጎሙ ዝርያዎች አሉ። ኪም-1ን በአዲስ ዕቃ መልሰው የሚሠሩ የትርፍ ጊዜ ባለሙያዎችም ማሽኗን ከሚሞክሩባቸው ፕሮግራሞች አንዱ ይኸው ነው።

ለኮምፒውተር ተማሪ ጥቅሙ በማጠሩ ላይ ነው። የዛሬ የቼዝ ፕሮግራሞች ኮድ በሺዎች በሚቆጠሩ መስመሮች የተጻፈ ስለሆነ ለጀማሪ ለመከተል ያስቸግራል። ማይክሮቼስ ግን በጥቂት ገጾች ላይ ስለሚያልቅ አንድ ተማሪ ከመጀመሪያው ትእዛዝ እስከ መጨረሻው ሊያነበው ይችላል። በውስጡም የማንኛውም የቼዝ ፕሮግራም ዋና ክፍሎች፣ ማለትም የሰሌዳ አያያዝ፣ እርምጃ ማመንጨት፣ ወደፊት መፈለግና መመዘን፣ ሁሉም ይገኛሉ። የ88 ፍተሻም ከ1 ኪሎባይት ዘመን አልፎ ለብዙ ዓመታት በቼዝ ፕሮግራሞች ውስጥ ሲሠራበት ቆይቷል።